ሁለት ሰልፍ ወደ አንድ፦ የ«መርጅ» ትዕዛዝ ታሪክና የእኛ ዝርዝር

በአይ.ቢ.ኤም. ሜይንፍሬም ላይ ሁለት ፋይሎችን ወደ አንድ የሚያመጣው ትዕዛዝ ከአንድ መስመር አይበልጥም። «መርጅ ፊልድስ» ይልና በቅንፍ ውስጥ አራት ነገር ያስከትላል፤ መለያው ከስንተኛው ሆሄ እንደሚጀምር፣ ስንት ሆሄ እንደሚረዝም፣ ጽሑፍ ይሁን ቁጥር፣ ቅደም ተከተሉም ከትንሽ ወደ ትልቅ ይሁን ወይስ ከትልቅ ወደ ትንሽ። በቃ፣ ይኸው ነው። አሜሪካን አገር በአንድ የኮምፒዩተር ክፍል የሌሊት ፈረቃ ከገባሁበት ጊዜ አንስቶ ጡረታ እስከወጣሁ ድረስ ይህችን መስመር ስንቴ እንደጻፍኳት እግዜር ይወቀው። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «ከሙያዎ አንድ የታሪክ ጽሑፍ ይስጡን» ሲሉኝ ስለ ግዙፍ ማሽኖች እንድተርክ ጠብቀው ይሆናል። እኔ ግን ይህችኑ መስመር መረጥኩ። ማኅበራችን ዘንድሮ ሁለት የስም ዝርዝሮቹን አንድ ሊያደርግ ነው፤ አንዱ ከድሮው የካርድ መዝገብ የተገለበጠው፣ ሌላው በውጭ አገር ያሉ አባላት ያሰባሰቡት። መስመሯ የምትሠራውም ይህንኑ ስለሆነ፣ ከየት እንደመጣችና ምን እንደማታይ ሳይነገር ሥራው እንዲጀመር አልፈለግሁም።

ነገሩን ለማስረዳት ወደ ትምህርት ቤት እንመለስ። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል «ቁመት ይዛችሁ ተሰለፉ!» እንባል ነበር፤ አጭር ከፊት፣ ረዥም ከኋላ። እንግዲህ የ4ኛ «ሀ»ን እና የ4ኛ «ለ»ን ሰልፍ አንድ አድርግ የተባለ መምህር ሁሉንም ልጅ እንደገና መለካት የለበትም። ከየሰልፉ ፊት የቆሙትን ሁለት ልጆች ብቻ ያይና አጭሩን ያስቀድማል። ከዚያ ደግሞ አሁን ከፊት የሆኑትን ሁለቱን ያያል። እንዲህ እያለ አንዱ ሰልፍ ሲያልቅ የሌላውን ቀሪ እንዳለ ያስከትለዋል። መርጅ ማለት ይኸው ነው። በአንድ ጊዜ የሚታየው ከየሰልፉ አንድ ልጅ ብቻ ስለሆነ፣ ማስታወሻው ጠባብ የሆነ ማሽን እንኳ በሚሊዮን የሚቆጠር ሪከርድ ያሳልፋል። ግን ሁለቱም ሰልፎች አስቀድመው ቁመታቸውን ይዘው መቆም አለባቸው፤ አለዚያ ሁሉም ነገር ይበላሻል። መምህሩም የሚያየው ቁመት እንጂ ፊት አይደለም። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ልጆች መንትዮች ይሁኑ አይተዋወቁ፣ ለእርሱ ያው ናቸው።

(በአማርኛ «ማቀላቀል» ልበለው ብዬ ነበር፤ እርሱ ግን ቡናና ወተት ይመስላል፣ ከተደባለቀ በኋላ አይለይም። መርጅ ላይ እያንዳንዱ ሪከርድ ራሱን እንደያዘ ይኖራል። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ ትቼዋለሁ።)

ሥራው ከኮምፒዩተር ይቀድማል። የአሜሪካ የ1890 የሕዝብ ቆጠራ በኸርማን ሆለሪት የተበሱ ካርዶች ከተቆጠረ በኋላ ካርዱ ወደ ባቡር ድርጅቱም ወደ ኢንሹራንሱም ገባ። አይ.ቢ.ኤም. ባለ 80 ዓምዱን ካርድ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ሲወጣ ግን አዲስ ዓይነት ጣጣ መጣ። መንግሥት በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ሠራተኞች ለየአንዳንዳቸው ሒሳብ መክፈት ነበረበት፤ ከአሠሪዎች የሚመጣው የደመወዝ ወሬም በየጊዜው ከትክክለኛው ሰው ሒሳብ ጋር መገናኘት አለበት። በእጅ አይሞከርም። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1937 «077 ኮሌተር» የተባለውን ማሽን ያቀረበው ለዚህ ነው።

ኮሌተሩ ካርድ የሚጎርስባቸው ሁለት አፎችና ካርድ የሚተፋባቸው አራት ኪሶች ነበሩት። በሁለቱ አፎች ሁለት የካርድ ክምር ይገባል፤ ማሽኑ ቀዳዳዎቹን ያነጻጽራል፤ በሽቦ ሰሌዳው ላይ እንደታዘዘው ወይ ሁለቱን ክምር በተራቸው አሰካክቶ አንድ ያደርጋል፣ ወይ ተመሳሳዮቹን ያገናኛል። ለእኔ የማሽኑ ቁም ነገር ኪሶቹ ናቸው። ከአንደኛው ክምር ጓደኛ ያጣው ካርድ ወደ አንዱ ኪስ ይሄዳል፣ ከሁለተኛው ክምር ጓደኛ ያጣውም የራሱ ኪስ አለው። ሥራው ሲያልቅ የተረፈው ካርድ በእጅ ይያዛል፤ ወፍራም ወረቀት ነውና የትም አይበንም። አንድ ሰው አንስቶ «አንተስ የማን ነህ?» ብሎ ያየዋል።

ኮምፒዩተር ሲመጣ በመጀመሪያ ከተጻፉለት ፕሮግራሞች አንዱ ይኸው መሆኑ አይገርምም። ጆን ፎን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1945፣ ኤድቫክ የሚባለው ማሽን ገና በሐሳብ ደረጃ እያለ፣ መረጃን በመርጅ ዘዴ ተራ የሚያስይዝ ፕሮግራም ጽፎ ነበር። ወረቀቱን ከዓመታት በኋላ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ዶናልድ ክኑት ነው። ከኤኒያክ የመጀመሪያ ስድስት ሴት ፕሮግራመሮች አንዷ የነበረችው ቤቲ ሆልበርተን ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለዩኒቫክ «ሶርት መርጅ ጄኔሬተር» የተባለውን ሠራች። ፋይሎቻችሁ ምን እንደሚመስሉ ትነግሩታላችሁ፤ እርሱ ደግሞ ለእነዚያ ፋይሎች የሚሆነውን የመርጅ ፕሮግራም ራሱ ይጽፍላችኋል። ፕሮግራም የሚጽፍ ፕሮግራም! ኮምፓይለር ወደሚለው ሐሳብ ለመድረስ ይህ ሥራ መነሻ እንደሆናት ግሬስ ሆፐር ራሷ መስክራለች። የሆልበርተን ስም በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ከፎን ኖይማን ስም እጅግ ያነሰ ቦታ ማግኘቱን አሁንም ፍትሐዊ ነው አልልም።

ከዚያ የቴፕ ዘመን መጣ። ቴፕ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ የሚነበብ ነገር ነው፤ መሃሉ ላይ ዘሎ ገብቶ የአንድ ሰው ሒሳብ ማስተካከል አይመችም። ስለዚህ የባንኩም፣ የመድን ድርጅቱም፣ የደመወዝ ክፍሉም ሥራ በሙሉ የመርጅ ሥራ ሆነ። የትናንቱ ዋና ፋይል በአንድ ቴፕ፣ የዛሬው ገቢና ወጪ በሌላ ቴፕ ይገባሉ፤ ሁለቱም በሒሳብ ቁጥር ተሰልፈዋል። ከሁለቱ የነገው ዋና ፋይል በሦስተኛ ቴፕ ላይ ይወለዳል። አሮጌው ወዲያው አይጠፋም፤ ሦስት ትውልድ ይቀመጣል። በሙያው እነዚህ ቴፖች አያት፣ አባት፣ ልጅ ይባላሉ። ስሙን የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን አስከትሎ ለሚጠራ ሰው ይህ አጠራር እንግዳ አይደለም፤ እኔም ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት ከሁሉ ቀድሞ የገባኝ ቃል ይህ ነበር።

ክኑት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በ1960ዎቹ የኮምፒዩተር አምራቾች በማሽኖቻቸው ከሚጠፋው ጊዜ ከ25 በመቶ በላይ የሚሆነው ተራ በማስያዝ ሥራ እንደሚያልፍ ይገምቱ እንደነበር ጽፏል። ተራ ማስያዝ ማለት ደግሞ በቴፕ ላይ ባብዛኛው መርጅን ደጋግሞ ማካሄድ ነው። ገንዘብ ስለነበረበትም ጠበቆች ገቡበት፤ ማርቲን ጎትዝ እ.ኤ.አ. በ1965 አመልክቶ ኤፕሪል 23 ቀን 1968 ያገኘው ቁጥር 3,380,029 ፓተንት ብዙ ጊዜ በሶፍትዌር ላይ የተሰጠ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፓተንት ይባላል። ስለ ምን መሰላችሁ? በቴፕ ላይ ያለ መረጃን ተራ የማስያዝ ዘዴ።

አይ.ቢ.ኤም. ኤፕሪል 7 ቀን 1964 ሲስተም 360ን አስተዋወቀ፤ ኦ.ኤስ. 360 የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ኤም.ቪ.ኤስ. የእርሱ ልጅ ነው፣ ዛሬ በትልልቅ ባንኮች የሚሠራው ዜድ ኦ.ኤስ. የልጅ ልጅ። በዚህ ዘር ውስጥ «እነዚህን ሁለት ፋይሎች አዋህድልኝ» ብሎ በቀጥታ መናገር የለም። ፋይሎቹ የት እንዳሉ፣ ውጤቱ የት እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ፕሮግራም እንደሚጠራ «ጆብ ኮንትሮል ላንጉጅ» በሚባል ቋንቋ፣ በሁለት ሰያፍ ጭረት በሚጀምሩ መስመሮች ይዘረዘራል። የመጀመሪያው ፋይል «ሶርትኢን 01»፣ ሁለተኛው «ሶርትኢን 02» ይባላል፤ የሚወጣው «ሶርትአውት»። ከላይ ያነሳኋት የመርጅ መስመር የምትመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የኦ.ኤስ. 360ን ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ ራሱ በኋላ ዘመን ይህን ቋንቋ ከተፈጠሩት ሁሉ የከፋ ብሎ ነቅፎታል። ከእርሱ ጋር አልከራከርም። «ኮንድ» የሚል መመሪያ አለው፤ ሁኔታው እውነት ሲሆን ሥራው የሚካሄድ ይመስላችኋል፣ የለም፣ የሚዘለለው ያኔ ነው። አዲስ ልጆች ሲመጡ ይህን ነገር የማስረዳት ዕጣ ሁልጊዜ ለእኔ ይደርስ ነበር።

ሌሊቱ እንዲህ ያልፋል። 2400 ጫማ ቴፕ የተጠቀለለበትን ክብ ከመደርደሪያ ታወርዳላችሁ፣ ቁጥሩን ታነባላችሁ፣ ማሽኑ ላይ ትሰቅላላችሁ። ሊጻፍበት የሚገባው ቴፕ ከጀርባው የፕላስቲክ ቀለበት ይገባለታል፤ ቀለበት የሌለው ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። የሌሊት አለቃዬ የነበሩት አዛውንት፣ እርሳቸውም የአገሬ ሰው ናቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ያባትየውን ቀለበት አውልቀሃል?» ሳይሉኝ መርጅ አይጀመርም ነበር። አባትየው የትናንቱ ዋና ፋይል ነው። ቀለበቱ ከላዩ ላይ ካለ በስሕተት የሚጻፍበት መንገድ ክፍት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከሰልፎቹ አንዱ ተራውን ካልያዘ የአይ.ቢ.ኤም. ፕሮግራም ዝም ብሎ አያልፍም። «አይ.ሲ.ኢ. 068 ኤ» የሚል መልእክት ያትምና፣ የትኛው ፋይል ከተራ እንደወጣ በስሙ ጠርቶ ይቆማል። ይህን መልእክት በጣም አከብረዋለሁ። አንድ ሰሞን ከቅርንጫፍ ቢሮ በትንሽ ኮምፒዩተር ተሰልፎ የሚመጣ ፋይል በየሌሊቱ በዚሁ መልእክት ይቆም ጀመር። የቅርንጫፉ ሰዎች «እኛ ሰልፈን ነው የላክነው» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። የእኛ ማሽን «አልተሰለፈም» ይላል፤ እርሱም እውነቱን ነው። ትንሹ ኮምፒዩተር የሚጠቀመው አስኪ የሚባለውን የሆሄ ኮድ ነበር፤ በእርሱ ቁጥር ከፊደል ይቀድማል። ሜይንፍሬሙ የሚጠቀመው ኤብሲዲክን ነው፤ በእርሱ ፊደል ከቁጥር ይቀድማል፣ ትንንሾቹ የእንግሊዝኛ ፊደሎችም ከትልልቆቹ በፊት ይመጣሉ፤ በአስኪ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ፋይሉ ሲተላለፍ እያንዳንዱ ሆሄ በትክክል ይቀየራል፣ የመስመሮቹ ተራ ግን የድሮው እንደሆነ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ የመጣውን ፋይል በእኛው ተራ እንደገና ማሰለፍ፣ ከዚያ መርጅ ማድረግ። ሁለት ቤት ሁለት ዓይነት ፊደል ቆጥሮ አድጎ ሲገናኝ የሚሆነው ይኸው ነው።

ይህ የሚጮኸው ችግር ነው። የማይጮኸው ሌላ ነው። ከሁለቱ ፋይሎች እኩል መለያ ያላቸው ሁለት ሪከርዶች ሲገናኙ፣ «ኢኳልስ» የሚል ምርጫ ከተሰጠ የ«ሶርትኢን 01» ሪከርድ ይቀድማል፣ የ«02» ይከተላል። እስከዚህ ሁለቱም አሉ። ነገር ግን ከመርጅ መስመር ሥር «ሳም ፊልድስ ኖን» የምትል አጭር መስመር ካከላችሁ፣ መለያቸው እኩል ከሆነው አንዱ ብቻ ይቀራል፣ ሌላው ይጣላል። ድግግሞሽ ማጥፊያ ናት፤ ሁሉም ሰው ይወዳታል። በመጨረሻ ፕሮግራሙ ስንት ሪከርድ እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ፣ ስንት እንደተሰረዘ ያትማል፤ የተሰረዙት እነማን እንደሆኑ ግን አይናገርም። ሲንክሶርት የሚባለው ተፎካካሪ ምርት «ኤክስሳም» ስትሉት የተጣሉትን ወደ ሌላ ፋይል ያስቀምጥላችኋል። የአይ.ቢ.ኤሙም «አይስቱል» በሚባለው በኩል ያንኑ ያደርጋል። ነገር ግን ካልጠየቃችሁ አይሆንም። የካርዱ ማሽን ብትጠይቁትም ባትጠይቁትም ካርዱን ሊያተን አይችልም፤ ከአራቱ ኪሶች በአንዱ ይገኛል።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ድርጅት የደንበኞቹን ሁለት ዝርዝሮች በዚህ መንገድ አዋህዶ አይቻለሁ። መለያው ስምና አድራሻ ነበር። በአንድ ቤት የሚኖሩ፣ በፈረንጆቹ ልማድ አንድ ስም የሚጋሩ አባትና ልጅ ወደ አንድ ሰው ተጠቀለሉ። ማሽኑ ታዟል፣ ታዝዟል። ልጁ «ደብዳቤ አቆመብኝ» ብሎ ባይደውል ኖሮ ማንም ባላወቀ።

ሁለት ፋይሎችን ዝም ብሎ ጫፍና ጫፋቸውን መቀጠልም አለ። በቪ.ኤም. ሲስተም ላይ «ኮፒፋይል» የሚለው ትዕዛዝ የሁለት ፋይሎችን ስም፣ ቀጥሎ የአዲሱን ስም ከሰጣችሁት፣ አንዱን ከሌላው ሥር አስከትሎ ይገለብጣቸዋል። በጆብ ኮንትሮል ላንጉጅም ሁለተኛውን ፋይል ያለ ስም ከመጀመሪያው ሥር ብትጽፉት እንደ አንድ ፋይል ይነበባሉ። ይህ ተራ አይጠይቅም፣ ማንንም አይጥልም፣ ማንንም አያገናኝም። ሰነፍ ዘዴ ይመስላል፤ ለጥንቃቄ ግን አንዳንዴ ከሁሉ ይሻላል።

እንግዲህ የእኛ ስም ላይ ስንመጣ ነገሩ ሁሉ ይከብዳል። በቴፕ ዘመን በብዙ ቦታ ይሠራበት የነበረው 1403 ማተሚያ በተለመደው ሰንሰለቱ ላይ የነበሩት 48 ምልክቶች ብቻ ናቸው፤ ትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ጥቂት ሥርዓተ ነጥብ። የእኛ ስም በእነዚያ መጨናነቅ ነበረበት። ፀሐይ የሚለው ስም አንዱ ፋይል ላይ በ«ቲ» ይጀምራል፣ ሌላው ላይ በ«ኤስ»። ገብረ ማርያም አንዱ ጋ አንድ ቃል ነው፤ ሌላው ጋ ገብረ የራሱ ስም፣ ማርያም «የቤተሰብ ስም» ሆና በ«ኤም» ሥር ትገኛለች። የአሜሪካ ፎርም የሚሰለፈው በቤተሰብ ስም ስለሆነ በእኛ ዝርዝር ላይ የሚሰለፈው አባትየው ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ሁለተኛ ደረጃ ይይዛል። አግብታ ስሟን ያልቀየረች እህታችን አንዱ ዝርዝር ላይ በአባቷ፣ ሌላው ላይ አንድ የቢሮ ጸሐፊ በገመተላት የባሏ ስም ተጽፋ ታገኙዋታላችሁ።

«ታዲያ በአማርኛ ብንጽፈው?» የሚል አለ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷልና ዛሬ ማንኛውም ኮምፒዩተር ይቀበለዋል። ሆኖም ፊደሉ የተደረደረው በሀለሐመ ተራ ነው። ሀ ከሁሉ በፊት፣ ሐ ሦስተኛ፣ ኀ ደግሞ በአማርኛው ገበታ 13ኛ። ኃይሉ ብሎ የጻፈና ሀይሉ ብሎ የጻፈ ሁለት ጸሐፊ አንድ ሰው በዝርዝሩ ሁለት ጫፍ ያስቀምጡታል፤ መርጅም ሁለት ሰው አድርጎ ያሳልፈዋል። ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደዚያው። ኮምፒዩተሩ ቁጥር እንጂ ድምፅ አይሰማም። ከመርጅ በፊት እነዚህን ሁሉ ወደ አንድ የሚመልስ የመለያ ዓምድ ለብቻው መሥራት ያስፈልጋል፤ ሰውየው ስሙን የጻፈበት ፊደል ግን ሳይነካ በራሱ ዓምድ ይኑር። የራሱ ስም ነው።

ከሁሉ የባሰው ዓመቱ ነው። እ.ኤ.አ. 2000 ሲቃረብ ሜይንፍሬሞች ዓመትን በሁለት አሐዝ ስለሚይዙ 00 ከ99 በፊት ይሰለፍ ነበር፤ ለዚያ ሲባል በመርጅ ፕሮግራሙ ላይ ሁለት አሐዙን ወደ ትክክለኛው ምዕተ ዓመት የሚያስገባ ምርጫ ተጨመረለት። (የእኛ 2000 የመጣው ፈረንጆቹ ከዚያ ጭንቅ ተገላግለው ከ7 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው።) የእኛ ሁለት ዝርዝሮች ግን የሚለያዩት በምዕተ ዓመት ሳይሆን በዘመን አቆጣጠር ነው። የካርዱ መዝገብ በዓ.ም. ነው፤ የውጭው ዝርዝር በፈረንጆች ነው፣ ያውም ሁሉም አይደለም። በሐምሌ 1964 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በሌላው ዝርዝር 1972 ይላል። እሱን ትተን፣ በ1972 ዓ.ም. የተመረቀ ሌላ ሰው በስምም በአባት ስምም ቢመሳሰለው ሁለቱም «1972» ናቸው። መለያቸው እኩል ነው። አንዱ ይቀራል፣ አንዱ ይጣላል።

ይህ የሒሳብ ጨዋታ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ተማሪው በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲወጣ ትምህርቱን ያቋረጠው ሁሉ ተመልሶ አልጨረሰም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የሞቱ አሉ፣ የጠፉ አሉ፣ በሱዳን በኩል የወጡ አሉ። ከእነርሱ ውስጥ ከእኛ ጋር መማራቸውን የሚናገር አንዲት ካርድ ብቻ የቀረችላቸው ብዙ ናቸው። የመመረቂያ ዓመት የላቸውም፣ ስልክ የላቸውም፣ የአሁን አድራሻ የላቸውም። ስማቸው ደግሞ እንደ አብዛኞቻችን ስም የተለመደ ነው። በሕይወት ያለና በውጭው ዝርዝር ላይ ስልኩ የተሞላ ሰው በስምና በአባት ስም ከገጠማቸው፣ ድግግሞሽ አጥፊዋ መስመር የምታስቀረው ማንን እንደሆነ ገምቱ። የተሟላው ሪከርድ «ሶርትኢን 01» ላይ እንዲሆን ሁሉም ይፈልጋል፤ ባዶ ዓምድ የበዛበት ካርድ ይወድቃል። ያ ካርድ ድግግሞሽ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ነበር።

ኮሚቴው ውስጥ ያሉ ወጣት መምህራን ሥራውን በአንድ ቀን እንደሚጨርሱት ነግረውኛል። እንደሚችሉ አልጠራጠርም፤ ዛሬ በኪስ ስልክ የሚሠራው የዚያን ዘመን ማሽን ሌሊቱን ሙሉ ከሚፈጀው ይበልጣል። የጠየቅኋቸው ይህን ነው። ሁለቱ ዝርዝሮች እንዳሉ፣ እንደ አያትና እንደ አባት ቴፕ፣ ቀለበታቸው ወልቆ ይቀመጡ። የሚነካ ከሆነ ቅጂው ይነካ። መርጅ ይደረግ፣ ማንም ግን አይጣል፤ እኩል የመጡት ሁለቱም ጎን ለጎን ይታዩ። በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ከየትኛው ዝርዝር እንደመጣ አንድ ምልክት ይኑር፤ ይህ ባለመኖሩ በሥራ ዘመኔ ያየሁት ጣጣ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። የገባውና የወጣው ቁጥር ይታተም፣ እኩልም ይሁን። ዓመቱ በሁለት ዓምድ ይጻፍ፣ ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ.፤ ያልታወቀው ባዶ ይተው እንጂ አይገመት። ይህን ያህል ብቻ ነው፤ ተስማምተዋል።

ጓደኛ ያጡትና የሚያጠራጥሩት ስሞች ደግሞ ለብቻቸው በወረቀት ይታተማሉ። በመገናኛው በዓል ዕለት፣ ከምዝገባው ጠረጴዛ ቀጥሎ ባለው ጠረጴዛ ላይ በመግቢያ ዓመት ተከፋፍለው ይቀመጣሉ፤ እርሳስም ይኖራል። ማሽን የማያውቀውን እናንተ ታውቃላችሁና፣ «ይኼኛው እሱ አይደለም፣ እሱማ ጂማ የዘመተው ነው» የሚል ሰው ይፈለጋል። ከምሳ በፊት ብትመጡ ይሻላል፤ ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነም መነጽር የምትጠቀሙ መነጽራችሁን ይዛችሁ ኑ።